የአማካሪነት ፈቃድ ወንዝ አይሻገርምን?

ምክር ለመስጠት ፈቃድ ያስፈልጋልን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ አያስደንቅም። በእኛ ዘንድ የተጣሉ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ ሽማግሌ፣ ልቡ የከበደበትን ሰው የሚያጽናና የንስሐ አባት፣ ልጅ ከሞተባት እናት ጋር አብራ ተቀምጣ የምታስተዛዝን ጎረቤት ከማናቸውም መሥሪያ ቤት የፈቃድ ወረቀት ተቀብለው አያውቁም። ሽማግሌው ከጎንደር ወደ ሐረር ቢዛወርም ሽምግልናው በመንገድ ላይ አይቀርበትም። ዛሬ የምናነሣው ግን ሌላ ዐይነት ምክር ነው፤ ይኸውም በዩኒቨርሲቲ ተምሮና ተፈትኖ፣ ጭንቀት የያዘውን ወይም ሱስ ያሸነፈውን ሰው በተዘጋ ክፍል እየሰማ የሚረዳ ባለሙያ የሚሰጠው ምክር ነው። አሜሪካኖች ይህን ባለሙያ ካውንስለር ይሉታል፤ እኛም አማካሪ እንለዋለን።

እንዲህ ያለው አማካሪ ያለ ፈቃድ አይሠራም፤ መሥራትም የለበትም። ሰው የቤቱን ገመና ገልጦ የሚነግረው ባለሙያ ማንነቱና ዕውቀቱ የተመረመረ መሆን ይገባዋል። ክርክሬ በፈቃዱ ላይ አይደለም። አንድ ጊዜ ተመርምሮ ፈቃድ ያገኘ አማካሪ ከአንዱ የአሜሪካ ስቴት ወደ ሌላው ሲዛወር እንደ ጀማሪ መቆጠሩን ነው የምቃወመው። ነገሩ የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ዳሩ ግን በዚያ አገር ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ይህን ሙያ የተማሩና ለመማር ያሰቡ ከመካከላቸው አሉ፤ በአማርኛ የሚሰማቸው አማካሪ የሚፈልጉትም ከእነዚህ ይበልጣሉ።

የዋሽንግተንን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቶሎ ይረዳዋል። አሌክሳንድርያ በቨርጂኒያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሜሪላንድ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ የሚባለው ዋና ከተማው አለ። በሦስቱም ቦታ አማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ አለና ጧት ከአንዱ ተነሥቶ በሁለተኛው ሲሠራ ውሎ በሦስተኛው ከዘመዶቹ ጋር እራቱን የሚበላ ሰው ጥቂት አይደለም። ፖቶማክ የሚባለውን ወንዝ በድልድይ መሻገር የደቂቃዎች ነገር ነው። ከዲስትሪክቱ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመግባትማ ወንዝም የለም፤ ኢስተርን አቬኑ የሚባለውን መንገድ ማቋረጥ ይበቃል። ለአማካሪው ግን ሦስት ሕግ፣ ሦስት ቦርድ፣ ሦስት ፈቃድ ነው። የማዕርጉ ስም እንኳ አንድ አይደለም። በቨርጂኒያ ሊሰንስድ ፕሮፌሽናል ካውንስለር የተባለው በሜሪላንድ ክሊኒካል የሚል ቃል ይጨመርበታል፤ ኒው ዮርክ ወይም ፍሎሪዳ ሲደርስ ደግሞ ሜንታል ኸልዝ ካውንስለር ይባላል። ሥራው በየትም ቦታ ያው ነው።

ይህ ዝብርቅርቅ ከየት መጣ? በአሜሪካ ሕግ የሕዝብን ጤናና ደኅንነት የመጠበቅ ሥልጣን በመሠረቱ የየስቴቱ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1882 (ዘመኑን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ዴንት የሚባል ሐኪም በዌስት ቨርጂኒያ ያለ ፈቃድ ሠርተሃል ተብሎ ተከሰሰ። ዲፕሎማ ነበረው፤ ነገር ግን ዲፕሎማው በኦሃዮ ስቴት በሲንሲናቲ ከተማ ከሚገኝ ትምህርት ቤት የተገኘ ነበርና የዌስት ቨርጂኒያ የጤና ሹማምንት ትምህርት ቤቱን አንቀበለውም አሉ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1889 ፍርዱ ለስቴቱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የፈቃድ ሕግ ሲነሣ ይህ ፍርድ መጠቀሱ አልቀረም። ስለዚህ የዛሬው አማካሪ ወረቀቱን ይዞ ከድንበር ሲደርስ የሚገጥመው ጥያቄ ከመቶ አርባ ዓመት በፊት ሐኪሙን የገጠመው ጥያቄ ነው፤ «ይህን ወረቀት የሰጠህ ማነው? እኛ እናውቀዋለንን?» የሚል።

በአማካሪነት ሙያ ላይ ሕግ ያወጣች የመጀመሪያይቱ ስቴት ቨርጂኒያ ናት፤ ዓመቱም 1976 ነው። የመጨረሻይቱ ካሊፎርኒያ በ2009 ሕጉን አጸደቀች። በመካከሉ 33 ዓመት አለፈ። ካሊፎርኒያ የዘገየችው ሙያውን ስለናቀች አይመስለኝም፤ የጋብቻና የቤተሰብ አማካሪዎችን በሚመለከት ከ1963 ጀምሮ የራሷ ሕግ ነበራት። እንግዲህ በ33 ዓመት ውስጥ እያንዳንዱ ስቴት በየራሱ ጊዜ፣ በየራሱ ጠረጴዛ ላይ፣ ከየራሱ ባለሙያዎች ጋር እየተማከረ ጻፈ። ጎረቤቱ ምን ጻፈ ብሎ ተመልክቶ ከዚያው ጋር ማስተካከል ግዴታው አልነበረም።

ውጤቱን በሰዓት ቁጥር ማየት ይቻላል። አማካሪ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ማስተርስ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ፈቃድ ባለው አንጋፋ ባለሙያ ቁጥጥር ሥር ሆኖ ይለማመዳል። በቨርጂኒያ ልምምዱ 3,400 ሰዓት ነው፤ ከዚህም ውስጥ 2,000ው ከታካሚ ጋር ፊት ለፊት የተሠራ መሆን አለበት። በካሊፎርኒያ 3,000 ሰዓት ሲሆን 1,750ው በቀጥታ የምክር ሥራ ነው። ማሳቹሴትስ 3,360 ትላለች። የ400 ሰዓት ልዩነት በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 10 ሳምንት ነው። በ3,000ኛው ሰዓት ዐይኑ ያልተገለጠ፣ በ3,360ኛው ግን የሚገለጥለት አማካሪ ይኖር ይሆን? ቁጥሮቹን የጻፉት ሰዎች ክፋት አስበው አይደለም። ነገር ግን ወደፊት በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጣችሁ መመሪያ የምታረቁ ወጣቶች ይህን ልብ በሉ፤ አንድ ቁጥር በመመሪያ ላይ ከሰፈረ በኋላ ለምን እንደ ተጻፈ የሚጠይቅ ይጠፋና ቁጥሩ ራሱ ምክንያት ሆኖ ይቀመጣል።

ብዙዎች «ፈቃዴን አዛውራለሁ» ሲሉ ይሰማል። የአማካሪነት ፈቃድ ግን አይዛወርም። መኪና የሚነዳ ሰው በቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ እስከ ካሊፎርኒያ ቢነዳ የሚከለክለው የለም፤ መኖሪያውን ሲለውጥም አሮጌውን አስረክቦ አዲሱን ይወስዳል፤ ብዙውን ጊዜም መሪ ጨብጦ እንደገና አይፈተንም። አማካሪው ግን በደረሰበት ስቴት አዲስ ፈቃድ ነው የሚጠይቀው። ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ማስረጃውን በቀጥታ ለቦርዱ ይልካል፤ ፈተናውን ያዘጋጀው ድርጅት ውጤቱን ይልካል፤ ከዚህ ቀደም ፈቃድ የሰጡት ቦርዶች ጥፋት ያልተገኘበት መሆኑን ይመሰክራሉ፤ የጣት አሻራ ይነሣል፤ ገንዘብ ይከፈላል። የተማረው ትምህርትም በርእስ በርእሱ ይመረመራል፤ ለምሳሌ በፍሎሪዳ ሕግ ከተዘረዘሩት የትምህርት ዐይነቶች አንዱ ስለ ሥነ ወሲብ የሚሰጠው ትምህርት ነው። ይህን በሌላ ኮርስ ውስጥ ተቀላቅሎ የተማረ ሰው መማሩን ለማስረዳት የአሥር ዓመት የትምህርት ዝርዝር ፍለጋ ይዞራል። እውነቱን ለመናገር ለዓመታት የሠራ አማካሪ በብዙ ስቴቶች የልምምድ ሰዓቱን እንደገና ሥራ አይባልም። ነገር ግን ስንት ዓመት የሠራ? ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደየስቴቱ ነው። ማመልከቻው ተመርምሮ እስኪወሰን ድረስም ያ የሠለጠነ ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

የስቴቶቹ ክርክር ፍሬ የለውም ማለት ግን አይቻልም። በ1976 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታራሶፍ በሚባለው ጉዳይ የሰጠው ፍርድ በዚህ ሙያ ታውቆ የኖረ ነው። ታካሚ ሰው ለመግደል ማሰቡን ለሐኪሙ ቢነግርና አደጋው እርግጠኛ ቢመስል፣ ሐኪሙ የታሰበበትን ሰው ለመጠበቅ የሚገባውን ማድረግ አለበት ሲል ፈረደ። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1999 እንዲህ ያለ የማስጠንቀቅ ግዴታ አንጥልም አለ። እንግዲህ ከዳላስ ወደ ሎስ አንጀለስ የተዛወረ አማካሪ ያንኑ ቃል ከታካሚ አፍ ቢሰማ በሁለቱ ከተሞች ግዴታው አንድ አይደለም ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ ሥራ ቢጀምር የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ አዲሱ ስቴት «ሕጌን ታውቃለህን?» ብሎ ቢፈትነው ትክክል ነው፤ ይህንንም ለመማር የጥቂት ቀን ጥናት ይበቃል። ትክክል ያልሆነው የሰውን ጭንቀት መስማት መቻሉን እንደ አዲስ አስመስክር ማለት ነው። የሰው ጭንቀት በቴክሳስና በካሊፎርኒያ የተለያየ አይደለምና።

ሌላው የስቴቶቹ ሥጋት በአንዱ ስቴት በጥፋት ፈቃዱን የተነጠቀ ሰው ወደ ሌላው ተሻግሮ ስሙን አድሶ እንዳይሠራ ነው። ይህም ሥጋት እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ንጹሑን አማካሪ ከጥፋተኛው ጋር በአንድ ሰልፍ ማቆም ሳይሆን ቦርዶቹ የጥፋት መዝገባቸውን ለእርስ በርሳቸው መግለጣቸው ነው።

እስከ አሁን የአማካሪውን ድካም ተናገርን። ዕዳውን በመጨረሻ የሚከፍለው ግን ታካሚው ነው። በስልክና በቪዲዮ ምክር መስጠት ከተስፋፋ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ይታያል፤ በጠቅላላው አሠራር ፈቃድ የሚጠየቀው ታካሚው በተቀመጠበት ስቴት ነውና። እንበልና አንዲት እናት ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና በአማርኛ የሚሰማት አማካሪ አገኘች። ከብዙ ሳምንት ዝምታ በኋላ መናገር ጀመረች። በዚህ መካከል ባሏ ሥራ አገኘና ቤተሰቡ ወደ ላስ ቬጋስ ሄደ። አማካሪው በኔቫዳ ፈቃድ ከሌለው በቪዲዮ እንኳ ሊቀጥልላት አይችልም። ስልኩ ይሠራል፣ ሁለቱም ፈቃደኞች ናቸው፣ ሕጉ ግን በመካከላቸው ቆመ።

ሌላ አማካሪ ትፈልግ የሚል ይኖራል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህ አይከብድ ይሆናል። በአማርኛ የሚያክሙ አማካሪዎች ግን በየከተማው ሞልተው የሚገኙ አይደሉም። አስተርጓሚ ይቁምላት ቢባል፣ አስተርጓሚው ከዚያው ከትንሹ ማኅበር የሚመጣ፣ በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ወይም በሰርግ ቤት የምታገኘው ሰው ይሆንና አፏን ትዘጋለች። ደግሞስ «ሆዴን ባር ባር ይለዋል» ስትል ምን ብሎ ሊተረጉምላት ነው? ሆድ የሚለውን ይዞ ወደ ጨጓራ ሐኪም ሊልካት ይችላል። «ሆድ ባሰኝ»፣ «ቀልቤ ተገፈፈ»፣ «ውስጤ ተቃጠለ» የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው የተለየ ሐዘን፣ የተለየ ፍርሃት አላቸው፤ በዚህ ቋንቋ ያደገ ሰው ይለያቸዋል። ያን ለመለየት የቻለው ባለሙያ ሜሪላንድ ተቀምጦ ሳለ ታካሚዋ ኔቫዳ ውስጥ ያለ ሰሚ ስትቀር የኔቫዳ ሕግ ማንን ጠበቀ? ሕጉ የወጣው ለታካሚዋ ደኅንነት ነው ተብሎ ነበር።

መፍትሔ የፈለጉ አልጠፉም። አሪዞና በ2019 ባወጣችው ሕግ፣ በሌላ ስቴት ቢያንስ ለአንድ ዓመት ፈቃድ ይዞ የቆየና ጥፋት የሌለበት ባለሙያ ነዋሪዋ ከሆነ በዚያው ደረጃ ፈቃድ እንዲሰጠው አዘዘች፤ የአሪዞናን ሕግ የሚመለከት ፈተና ቢኖር ግን እንዲፈተን ማድረግ ይቻላል። ከላይ ያልሁትን ልዩነት፣ ማለት ሕጉን ፈትን ሙያውን ተቀበል የሚለውን፣ በቀጥታ የጻፈ ሕግ ይህ ነው። የፌዴራሉ መንግሥትም ከጥር 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለ ሕግ፣ በወታደራዊ ትእዛዝ ከስቴት ወደ ስቴት የሚዛወሩ ወታደሮችና ባለቤቶቻቸው የያዙት የሙያ ፈቃድ በሄዱበት እንዲታወቅላቸው አድርጓል። የወታደር ሚስት የሆነችው አማካሪ ትእዛዝ ወጥቶ ስለተዛወረች ብቻ ሙያዋ አልተለወጠም። የነርስ ባል ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ሚስት የሆነው አማካሪ ሲዛወር ሙያው የሚለወጠው በምን ምክንያት ነው? ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው እስከ አሁን አልገጠመኝም።

ከዚህም በላይ ያው ፌዴራላዊ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው ሜዲኬር የተባለው ኢንሹራንስ ከጥር 2024 ጀምሮ ለአማካሪዎች መክፈል ጀምሯል። ለዚህም የማስተርስ ዲግሪና የስቴት ፈቃድ፣ ከዚያም ጋር የሁለት ዓመት ወይም የ3,000 ሰዓት ልምምድ ይጠይቃል። በመላው አገር አንድ መለኪያ! ገንዘብ የሚከፍለው መንግሥት አንድ ቁጥር ሲበቃው ወረቀት የሚሰጡት ቦርዶች ብዙ ቁጥር ያስፈለጋቸው ለምን እንደ ሆነ አይገባኝም።

ከሁሉ የሚበልጠው ተስፋ የካውንስሊንግ ኮምፓክት የሚባለው በስቴቶች መካከል የተደረገው ውል ነው። ጆርጂያና ሜሪላንድ በ2021 ቀደሙ፤ በ2022 አሥር ስቴቶች ስለ ተሟሉ ውሉ ጸና፤ ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ የሚበልጡ ስቴቶች ገብተውበታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አማካሪው በሚኖርበት ስቴት ሙሉ ፈቃድ ካለው፣ ለምሳሌ 60 ክሬዲት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከተማረ፣ ብሔራዊ ፈተና ካለፈና በቁጥጥር ሥር ከተለማመደ፣ በሌላው የውሉ አባል ስቴት የመሥራት መብት በማመልከቻ ይገዛል። መኖሪያውን ጨርሶ ሲለውጥም ሌላው አባል ስቴት የጀርባ ታሪኩን መርምሮና በሕጉ ፈትኖ በተፋጠነ መንገድ አዲስ ፈቃድ ይሰጠዋል። ስቴቶቹም የፈቃድና የጥፋት መዝገብ በአንድ ቋት ያስቀምጣሉ፤ ያ የጥፋተኛ ሽሽት ሥጋት በዚህ ይቃለላል።

ይሁንና ሕግ መፈረምና ሥራ መጀመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይኸው ውል አሳይቷል። በ2022 የጸናው ውል የመጀመሪያዎቹን መብቶች መስጠት የጀመረው በመስከረም 2025 ነው፤ ያውም በአሪዞናና በሚኔሶታ መካከል። ከሦስት ዓመት በላይ የወሰደው የመዝገቡን መሣሪያ መሥራት፣ ደንቡን መጻፍና የየስቴቱን ቦርድ ማሰናዳት ነበር። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ደግሞ እስከ 2025 ድረስ በውሉ አልገቡም፤ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚሄድ ሰው ዛሬም በአሮጌው በር ነው የሚገባው። ስለዚህ «ስቴቴ ፈርማለች» የሚለውን ሰምቶ ዕቃ ማሰር አይገባም፤ ሁለቱም ስቴቶች መብቱን መስጠት መጀመራቸውን ከየቦርዳቸው ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በውሉ ላይ የምነቅፈው ተለማማጁን መርሳቱን ነው። ውሉ ራሱን ችሎ ለመሥራት የተፈቀደለትን አማካሪ ይቀበላል፤ ዲግሪ ይዞ በልምምድ ላይ ያለው ግን ምንም ድርሻ የለውም። ከቤተሰቡ ጋር ወይም ሥራ ፍለጋ የሚዛወረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይኸው ወጣት ነው። በቨርጂኒያ 2,000 ሰዓት የሠራ ተለማማጅ ወደ ካሊፎርኒያ ቢሄድ፣ ከዚያ ሁሉ ሰዓት ስንቱ እንደሚቆጠርለት የሚወሰነው በካሊፎርኒያ መለኪያ ነው። ተቆጣጣሪው ምን ዐይነት ፈቃድ ነበረው? ሰዓቱ በምን በምን ሥራ ተከፋፍሎ ተመዘገበ? በየሳምንቱ ስንት ጊዜ ተገናኛችሁ? ተብሎ ይጠየቃል። መዝገቡ የተያዘው ለቨርጂኒያ ጥያቄ እንጂ ለካሊፎርኒያ ጥያቄ አይደለምና መልሱ ሊጎድል ይችላል። እኔ እንደሚመስለኝ ፈቃድ ባለው የእኅት ስቴት ባለሙያ የተፈረመ ሰዓት በሰዓትነቱ ሊቆጠር ይገባዋል፤ ተቆጣጣሪውን አምኖ ፈቃድ የሰጠው ያው ከአንድ ሰንደቅ ዓላማ በታች ያለ መንግሥት ነውና።

ይህ እስኪሆን ድረስ ትምህርቱን ለመጀመር የተዘጋጁ ተማሪዎች የሚከተለውን ቢያደርጉ ይጠቀማሉ። ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ የ60 ክሬዲቱን ፕሮግራም ምረጡ፤ ካክሬፕ የሚባለው የሙያው መዛኝ ድርጅት ያጸደቀው ቢሆን በብዙ ስቴቶች ብዙ ጥያቄ ያስቀራል። የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫ ኮርሱን በጨረሳችሁበት ቀን ከዩኒቨርሲቲው ወስዳችሁ አስቀምጡ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ መምህሩም ኮርሱም ላይገኙ ይችላሉ። የልምምድ ሰዓታችሁን ስትመዘግቡ ፊት ለፊት የተሠራውን፣ ከቡድን ጋር የተሠራውንና የጽሕፈት ሥራውን ለያይታችሁ ጻፉ። የተቆጣጣሪያችሁን የፈቃድ ቁጥርና ዐይነት ከጎኑ አስፍሩ። ተቆጣጣሪ ጡረታ ይወጣል፣ ይታመማል፣ ክሊኒክ ይዘጋል፤ ስለዚህ ፊርማውን በልምምዱ ፍጻሜ በአንድ ላይ እወስዳለሁ ሳትሉ በየወሩ አስፈርሙ።